ግጥም የሌለው ዘፈን ስም የለውም?

ሬዲዮ ላይ ዜና እስኪጀምር ለመሙያ የሚለቀቀውን፣ ጣዕሙ ሲገባችሁ የሚቆረጠውን ሙዚቃ ታውቁታላችሁ። እዚህ ጭሮ በርጫ ላይ ስለ አንዱ ጠይቄ ነበር። ዜማውን ሁሉም አንጎራጎረው፣ ስሙን የነገረኝ ግን የለም።

«ሙዚቃዊ ስልት» ይባላል። የግርማ በየነ ድርሰት ነው፤ ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተባለው አልበሙ ተጫውቶታል። እኔ ከሙላቱ «የከርሞ ሰው» እንኳ አስበልጠዋለሁ። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን እንደ ተንኮለኛ ልጅ ድብቅ ብቅ ይላል፤ ጨዋታ ያውቃል!

ይህ ሰው ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የድሮ ካሴቱን አሜሪካዊ አሳታሚ በድጋሚ ሲያወጣለት ነው ወደ ዓለም መድረክ የተመለሰው። እኛ ሙዚቃውን በየቀኑ እየሰማን ስሙን አንጠራም። ለዘፋኝ የሚጠራው ስም ለኦርጋን ተጫዋቹ ሲሆን ስንት ሰከንድ ይፈጃል?