ፎርማት ይደረግ!

እኛ አገር ኮምፒውተር ሲበላሽ ምርመራ የለም። «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባላል፤ መድኃኒቱም አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ! ፕሪንተሩ ወረቀት ቢነክስ ፎርማት፣ ማውሱ ቢለግም ፎርማት። እኛም እስከዚያች አርብ ድረስ የዚሁ እምነት ተከታዮች ነበርን።

አርቧ እንዲህ ነበረች። መረጃ ሰብሳቢዎች ከመስክ ተመልሰው ኮሪደር ላይ አበላቸውን ይጠብቃሉ። ዝርዝሩ ባንክ ሳይዘጋ መድረስ አለበት። ሒሳቡን የሚሠራልን ኤክሴል ላይ የተጫነ አንድ አድ-ኢን ነው፤ ሰውየው መስክ ላይ ያደረበትን ቀን ስናስገባለት የሚከፈለውን ብር ራሱ ይጽፋል። ያን ቀን ግን የመጀመሪያዋን ቁጥር አስገብተን ኢንተር ስንል ስክሪኑ ነጣ፤ «ኖት ሪስፖንዲንግ» አለ፤ ከዚያ ኤክሴል ድርግም ብሎ ጠፋ። ደግመን ከፈትነው፤ ደግሞ ጠፋ።

አድ-ኢኑን የሠራው ባልደረባችን ከወር በፊት ሥራ ለቋል። የሌለ ሰው ደግሞ ለጥፋተኝነት ይመቻል። «ሆን ብሎ የሆነ ነገር ቀብሮብን ነው የሄደው» አልን። ኮሪደር ላይ ለቆሙትም ይህንኑ ነገርናቸው። ልብ በሉ፤ ጋዜጠኝነት ተምረን፣ «የሁለቱም ወገን ይሰማ» ብለን ጽፈን ፈተና ያለፍን ሰዎች ነን።

ፎርማት እንዳናደርገው ደግሞ ፋይሉ አብሮ ይሄዳል ብለን ፈራን። እናም ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጥንና «ማን?» የሚለውን ትተን «የት?» ብለን ጀመርን። ኮንትሮል የምትለዋን ቁልፍ ተጭኖ ይዞ ኤክሴልን የከፈተ ሰው «በሴፍ ሞድ ልክፈት?» ተብሎ ይጠየቃል። እሺ አልነው። ኤክሴል በሴፍ ሞድ ሲከፈት አድ-ኢኖቹን ሳይጭን ነው የሚነሳው። ቁጥር አስገባን፤ ብሩ ባይሰላም አልጠፋም። ስለዚህ ኤክሴልም ፋይሉም ጤነኛ ናቸው። ዘግተን በደህናው መንገድ ገባንና፣ ከኦፕሽንስ ውስጥ የአድ-ኢኖቹን ዝርዝር አውጥተን የሁሉንም ምልክት አነሳን፤ ከዚያ አንድ በአንድ መለስን። የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይረውን በጳጉሜ ምክንያት ጠርጥረነው ነበር፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የአበሉን ስንመልስ፣ ድርግም!

ቀጥሎ «መቼ?» አልን። እስከ ሐሙስ ከሰዓት ይሠራ ነበር። ሐሙስ ማታ ምን ተደረገ? ዝም ተባባልን። ሐሙስ ማታ ኮዱን «ያጸዳነው» እኛው ነን።

ኦልትንና ኤፍ 11ን አንድ ላይ ተጭነን ኮዱን ከፈትን፤ ቀድሞ ካስቀረነው ኮፒ ጋርም አስተያየነው። የጎደሉት ሁለት መስመሮች ናቸው፤ ከጎናቸውም አንድ መዓት የጥያቄ ምልክት ነበር። ምን እንደሆኑ ስላላወቅን፣ ስናማው የዋልነውን ልጅ ደወልንለት።

እሱም በትዕግሥት አስረዳን። ኮዱ የሚነሳው አንድ ሴል በተቀየረ ቁጥር ነው። ተነስቶ ብሩን ሌላ ሴል ላይ ይጽፋል። መጻፉ ራሱ ለውጥ ስለሆነ እንደገና ራሱን ይቀሰቅሳል፤ እንደገና ይጽፋል፤ እንደገና… ለሥራው የተመደበለት ሜሞሪ እስኪያልቅ። ለዚህ ነው ከመጻፉ በፊት «ኢነብል ኢቨንትስ» የሚባለው ጠፍቶ፣ ከተጻፈ በኋላ መልሶ መብራት ያለበት። «ምንም አይሠሩም» ብለን የሰረዝናቸው ማጥፊያና ማብሪያውን ነበር። መሐል ላይ ስህተት ቢፈጠር እንኳ ማብሪያዋ መስመር እንዳትዘለል አድርገን እንድንጽፋትም መከረን፤ ከተዘለለች ኤክሴሉ አይወድቅም፣ ሒሳቡ ግን ዝም ይላል።

የጥያቄ ምልክቶቹስ? አማርኛ ነበሩ! «ይህን መስመር አትንኩት» ብሎን ነበር። ሺቱ የግዕዝን ፊደል አሳምሮ ያሳያል፤ የማክሮው መጻፊያ ግን አያውቀውምና እያንዳንዱን ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ቀይሮታል። ልጁ ይህን አይቶ፣ መልእክቱን ሙሉውን እዚያው ፋይል ውስጥ «አንብቡኝ» በሚል ሺት ላይ ጽፎልን ነው የሄደው። አንድም ቀን ከፍተነው አናውቅም።

መስመሮቹን መለስን፤ ኤክሴልም ሠራ። ባንኩ ግን ተዘግቶ ነበር። ሰዎቹ ሰኞ ሲመለሱ «ጥፋቱ የኛ ነበር» አልናቸው። አንዷ መረጃ ሰብሳቢ ቀና ብላ አየችንና «እሱስ እንዲህ እንዳላችሁት ያውቃል?» አለች።

አያውቅም ነበር። በስልኩ ላይ ምስጋናውን እንጂ ሐሜቱን አልነገርነውም። ይኸው አሁን ያንብበው።