የዐሥር ደቂቃ ትዳር

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ድርድርም አልጽፍም። የዶላር ነገር ትንሽ ይነሣል፤ እሱም ቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው። የምጽፈው ያልተጣሉ ባልና ሚስትን ሊያስታርቁ ስለመጡ ሽማግሌዎች ነው። ባልና ሚስቱ እኔና ባለቤቴ ነን። እሷ አንብባ ፈቅዳልኛለች፤ ሁለት ቦታ ላይም አርማኛለች።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በሜትሮ ትንሽ ወጣ ይላል። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ብትወርዱ እንጀራውም፣ በርበሬውም፣ የፖለቲካ ክርክሩም አለ። የመጣነው ግንቦት 2009 በዲቪ ነው። ሎተሪው የደረሰው ለእኔ ነበር። አገር ቤት እኔ የሒሳብ ሠራተኛ፣ እሷ አስተማሪ ነበርን። ቦሌ ስንሸኝ ለሁሉም የነገርነው አንድ ነገር ነው፦ «ሁለት ዓመት ሠርተን እንመለሳለን።» ይህን ያላለ ስደተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

እዚህ እኔ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ሒሳብ እዘጋ ነበር። እንግዳው ሲተኛ የቀኑን ገቢና ወጪ አመሳክሮ፣ ለንጋት ሪፖርት አዘጋጅቶ መውጣት ነው። እሷ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሽማግሌ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቼ ንጋት 12 ሰዓት እወጣለሁ። 12 ሰዓት ከ30 ቤት እደርሳለሁ። እሷ 12 ሰዓት ከ40 ትወጣለች። በመካከል ያለችው ዐሥር ደቂቃ ትዳራችን ናት። በዐሥሩ ደቂቃ ውስጥ ልጅቷ በልታለች ወይ፣ የመብራት ተከፍሏል ወይ፣ የመኪናው ቁልፍ የት ነው እንባባላለን። ልጃችንን ትምህርት ቤት አድርሼ እተኛለሁ። ከሰዓት በኋላ እሷ ስትመለስ እኔ ተነሥቼ መኪናዬን ይዤ በአፕ ሰው ላመላልስ እወጣለሁ። የቀረውን የምንነጋገረው በማቀዝቀዣው በር ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነው።

ለምን እንዲህ አደረጋችሁ ለሚለኝ መልሱ ቀላል ነው። ልጃችን ስትወለድ የሕፃናት ማቆያ ዋጋ ጠየቅን። የአንዳችን ደሞዝ ከሞላ ጎደል ለእሱ የሚሄድ ሆነ። ስለዚህ አንዳችን ቀን፣ አንዳችን ሌሊት ተባባልን። ለጊዜው ነበር። ልጅቷ ትምህርት ቤት ገባች፤ እኛ ግን ያንኑ ፈረቃ ቀጠልን። ምክንያቱ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ገና ወረቀት ላይ እያለ የገዛነው አፓርታማ ነው። በሦስት ዓመት ይጠናቀቃል ተብሎ ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት የፈጠረው ሰው ቅድሚያ ክፍያ የከፈለ ሰው መሆን አለበት።

ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ሰዓት ተሰቅሏል። አማቴ ደሴ ናት፤ ለደሴ ሌላ ሰዓት መስቀል አላስፈለገንም። በፈረንጅ ብርድ ወራት እዚህ ቀትር ላይ መርፌው 12 ሲል፣ ደሴ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይላል። በሙቀቱ ወራት ደግሞ 1 ሰዓት። ማለትም መርፌው ላይ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት መደመር ብቻ ነው፤ የእኛ ቀን የእነሱ ምሽት መሆኑን ካልረሳችሁ በቀር። ቆይቶ እንደገባኝ፣ እኔና ባለቤቴም አንድ ሰዓት እያየን እንደዚያው ሆነናል። የእኔ ሌሊት የእሷ እንቅልፍ፣ የእሷ ቀን የእኔ እንቅልፍ።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ገባ። የአማቴ ስልክ ጠፋ። ከአንድ ወር በላይ አልሠራም። ባለቤቴ ሥራ ቦታዋ የሰው እናት እያጎረሰች የራሷን እናት ታስባለች። ሌሊት ሆቴሉ ውስጥ ሆኜ በየገጹ ወሬ እለቅም ነበር፤ አንዱ «ተለቀቀ» ይላል፣ ሌላው «ተያዘ» ይላል፣ ሁሉም በእርግጠኝነት ነው የሚናገረው። ኅዳር ማብቂያ ላይ ከተማዋ ከተለቀቀች በኋላ ስልኩ ሲነሣ አማቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ልጅቷ አደገች?» ብላ ነው። ባለቤቴ ያን ዕለት ስልኩን ዘግታ «ዜግነት እወስዳለሁ» አለች።

ምክንያቷ ግልጽ ነበር። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለወላጁ ማመልከት አይችልም፤ ዜጋ ግን ይችላል። በእኔ በኩል ደግሞ ሌላ ሕግ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ኢትዮጵያዊ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ያለው ቢጫ ካርድ ነው። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቅድም። እኔ «እንመለሳለን ብለን የለ?» አልኩ። እሷ «ማን ጋር?» አለች። እናቷ ብትሞት ማን ጋር እንመለሳለን ማለቷ ነበር። መልስ አልሰጠኋትም፤ የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ነበር።

የፈተናውን 100 ጥያቄ በወረቀት ቆራርጣ ወጥ ቤት ለጠፈች። ያኔ ፈታኙ 10 ይጠይቅ ነበር፤ 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። እኔ ጠዋት ስገባ «ሴናተሮች ስንት ናቸው?» የሚል ወረቀት አጠገብ «ሽንኩርት ግዛ» የሚል ተለጥፎ አገኛለሁ። አለፈች። ጥር 2015 ባልቲሞር ማለች። መሐላው ለሌላ አገር መንግሥት ያለህን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ ያሰኛል። ከእሷ ጋር የሄደችው የሥራ ባልደረባዋ ናት። እኔ ሌሊት ሠርቼ ስለነበር ተኝቻለሁ። ቢያንስ ለሁለት ዓመት ያህል እንዲያ ነበር የምለው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ትዝ ይላችኋል። 57 ብር የነበረው ዶላር በአንድ ቀን 74 ገባ፤ ነሐሴ ላይ 100 አለፈ። በየወሩ ለአማቴ የምንልከው 200 ዶላር ከ11 ሺህ ብር ተነሥቶ 20 ሺህ ተሻገረ። ሆቴሉ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ በካልኩሌተር የአፓርታማውን ቀሪ ክፍያ ሳሰላ አደርኩ፤ ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። በማግሥቱ ለአማቴ ደውዬ «እማማ፣ እንግዲህ ብሩ ሊበዛልዎ ነው» አልኳት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሱን ሰጠችኝ፦ «ብሩስ በዝቷል ልጄ፤ ዘንቢሉ ግን ያው ነው።» የማክሮ ኢኮኖሚ ትንታኔ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ ያጠረ አላጋጠመኝም።

አማቴ ኅዳር 2017 መጣች። በመጀመሪያው ሳምንት ቡና ስትቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ሕንፃው በሙሉ ሊወጣ ደረሰ። ከዚያ በኋላ መስኮት ከፍታ፣ በብርድ ጋቢ ተከናንባ ነበር የምትቆላው። የቸገራት ግን ብርዱ አልነበረም። አቦሉን ከእኔ ጋር ትጠጣለች፤ ቶናው ሳይደርስ እኔ እወጣለሁ። በረካውን ብቻዋን ከልጃችን ጋር ትጨርሳለች፤ ልጅቷ አያቷን በእንግሊዝኛ፣ አያቷ ልጅቷን በአማርኛ ያወራሉ፤ እንዴት እንደሚግባቡ አላውቅም፣ ይሳሳቁ ነበር።

ሦስት ወር ዝም ብላ አየችን። ካየችው ውስጥ ይህ አለበት፦ ባልና ሚስት በአንድ ሰሃን ሲበሉ አላየችም። ባል ሲገባ ሚስት ትወጣለች። ሚስት ስትገባ ባል ጫማውን ያደርጋል። ሲነጋገሩ በወረቀት ነው። አንዱ ተኝቶ ሌላው በእግሩ ጫፍ ይሄዳል። የሰባ ዓመት ሴት ከዚህ ተነሥታ ምን ትደመድማለች? ልጄና ባሏ ተጣልተው በአንድ ጣሪያ ሥር ተኳርፈው ይኖራሉ፣ እኔን ላለማሳዘን ደብቀውኝ ነው። እንዲያ ነው የደመደመችው።

ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቡና ሲጠጣ «የወሎ ሰው የለም?» ብላ ጠየቀች። የወሎ ሰው የሌለበት የት አለ። የካቲት ላይ አንድ እሑድ፣ እኔ ለመውጣት ስዘጋጅ በሩ ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌ ናቸው። አንዱ የደሴ ሰው፣ ነጭ ጋቢ በካፖርት ላይ ደርበዋል። ሌላው የኮምቦልቻ፣ ሀጂ ናቸው። አማቴ ቀድማ ቡናውን አቅርባለች። ባለቤቴም የዚያን ዕለት ፈረቃ አልነበራትም፤ አማቴ ቀኑን ያለምክንያት አልመረጠችም።

ተመረቀ። ከዚያ የደሴው ሰው «እንግዲህ ልጆቼ፣ እናት ተጨንቃለች። ጠቡ ምንድን ነው?» አሉ። ባለቤቴና እኔ ተያየን። እሷ ሳቀች። «ጋሼ፣ ለመጣላትም ጊዜ አላገኘንም» አለች። እኔም ሳቅሁ። አማቴ አልሳቀችም፣ ሀጂም አልሳቁም። ሀጂ ፍንጃላቸውን አስቀምጠው «ጊዜ ብታገኙስ በምን ትጣላላችሁ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤቴ ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ «ባልቲሞር የማልኩ ቀን ብቻዬን ነበርኩ» አለች። «የሌላው ሰው ባል፣ ሚስት፣ ልጅ ባንዲራ ይዞ ፎቶ ያነሣል። እኔ የተውኩትን ነገር እያሰብኩ አለቅስ ነበር፤ እንባዬን ያበሰችልኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ስመለስ ተኝቷል። ሲነሣ ‹እንዴት ነበር?› አላለኝም።»

ሰው ፊት መዋሸት እችል ነበር። ሁለት ሽማግሌና አንዲት እናት ፊት ግን አልቻልኩም። ያን ዕለት አልተኛሁም ነበር። ዐይኔን ጨፍኜ በሩ ሲከፈት እሰማለሁ። ያልሄድኩት ደክሞኝ አልነበረም። እሷ ስትምል ማየት አልፈለግሁም። ካየሁ «ሁለት ዓመት» ያልነው ነገር ማብቃቱን ማመን ሊኖርብኝ ነው። እሷ ለእናቷ ብላ የከፈለችውን ዋጋ፣ እኔ እንደ ክህደት ቆጥሬ ሁለት ዓመት ይዤው ኖርኩ። ይህንን ሳልነግራት ያስቻለኝ የሌሊት ፈረቃው ነው። ለካ ሰው ከሚስቱ ለመሸሽ ቤቱን መልቀቅ አያስፈልገውም፤ የሥራ ሰዓቱን ማቀያየር ይበቃዋል።

ይህን ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ ቅጣት ጣሉብኝ፦ ከሁለቱ ሥራ አንዱን ተው፣ እራት በአንድ ማዕድ ብሉ። ሀጂ ሲወጡ በሩ ላይ «ቤቱን እዚያ እየሠራህ እዚህ አታፍርሰው» አሉኝ።

የሌሊቱን ሥራ ተውኩ። አሁን ቀን ሌላ ሆቴል ሒሳብ ክፍል ነኝ። በወር 1,400 ዶላር ያህል ጎድሎብናል። የአፓርታማው ክፍያ ወደ ኋላ ቀርቷል። እራት ግን አብረን እንበላለን፤ በመጀመሪያው ሳምንት የምናወራው ጠፍቶን ስለ አየር ጠባይ አወራን። በሁለተኛው ሳምንት ተጣላን። በደንብ ተጣላን፤ በሩን እስከ መደብደብ። አማቴ ከክፍሏ ወጥታ አየችንና «አሁን ገና ባልና ሚስት ሆናችሁ» ብላ ተመልሳ ገባች።

ለፋሲካ ግን አገሬ ብላ ተነሣች። ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየች ግሪን ካርዷን ልታጣ እንደምትችል ነገርናት። «እኔ የመጣሁት ላያችሁ ነው፤ አየኋችሁ» አለች። ባለቤቴ ዜግነቷን የቀየረችላት እናት፣ ደሴ ሄዳ ፋሲካን ከጎረቤቶቿ ጋር ፈሰከች። ከከባዱ ነገር ሁሉ ለባለቤቴ ይህ ከበዳት። እኔም በዚህ ጊዜ አልተኛሁም፤ አብሬአት ተቀምጬ አደርኩ።

ይህን የምጽፈው ምክር ለመስጠት አይደለም። በወሬአችን ውስጥ ዲያስፖራ ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው፤ ወይ የዶላር ምንጭ ነው፣ ወይ በርቀት የሚጮህ ነው። የተላከው ዶላር በባንክ ይቆጠራል፤ ጩኸቱም በላይክ ይቆጠራል። እራት ያልተበላባቸውን ምሽቶች ግን የሚቆጥር የለም። ላኪውም ዝም ይላል፤ ተቀባዩ እንዳይሳቀቅ። ተቀባዩም ዝም ይላል፤ ላኪው እንዳይከፋ። አማቴ መጥታ በዐይኗ ባታይ እኛም ዝም እንዳልን እንኖር ነበር። አገር ቤት ያላችሁ፣ ስትደውሉ «ምን ላካችሁ?» ከማለታችሁ በፊት «አብራችሁ በላችሁ?» በሉን። እዚህ ያላችሁ፣ ጥያቄው ሲመጣ እውነቱን ተናገሩ።

የእኔ የዜግነት ማመልከቻ ቅጽ አሁንም ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል፤ ባለቤቴ ናት የለጠፈችው። አልሞላሁትም፤ አልቀደድኩትምም። ትናንት ማታ እራት ላይ አንሥተን ተከራከርንበት። አልጨረስነውም፤ ዛሬም እራት አለ።