ተሐራሚው ቡገንቪላ

በወርኃ ጽጌ፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ጊዜ፣ ክረምቱ ጓዙን ጠቅልሎ ሲሄድ፣ በሰፈራችን በኪቶ ፉርዲሳ አጥሮች ላይ ዝናሙን ሁሉ በልምላሜ ብቻ ያሳለፈው ቡገንቪላ ቀስ በቀስ ሐምራዊና ቀይ ኅብረ ቀለም መልበስ ይጀምራል፤ እኔም ይህን ተክል ከአጥር ጌጦች ሁሉ አብልጬ የምወደው ስለ ውበቱ ብቻ ሳይሆን፣ ውሃና ልምላሜ በተትረፈረፈባት በዚህች በጅማ ምድር በጥቂት የሚረካ፣ ሲበዛበትም አበባውን የሚነፍግ ተሐራሚ ፍጥረት ስለ ሆነ ነው።

ለይቶ ሊያውቀው የሚሻ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን ከደማቁ ቀለም ያንሣ። አበባ እያልን የምናደንቀው ያ ስስና ደረቅ፣ በነፋስ የሚንኮሻኮሽ ነገር በእውነቱ ቀለም የለበሰ ቅጠል ነውና፤ ሦስቱን ቅጠሎች በጣቱ ገለጥ አድርጎ ውስጣቸውን ለተመለከተ፣ በእያንዳንዱ ቅጠል መካከለኛ ጅማት ላይ የተጣበቀ፣ አፉ ነጣ ያለ አንድ ቀጭን ቱቦ ይታየዋል፤ እውነተኛው አበባ ይኸው ነው። የቅጠሉም ቀለም ቀይ ሥርን ከሚያቀላው ወገን እንጂ ጽጌረዳን ከሚያቀላው ወገን አይደለም። ከዚያ በኋላ አረንጓዴውን ቅጠል ገልብጦ በአውራ ጣት መዳበስ ነው፤ ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ እሾሁም አጭር ከሆነ ግላብራ ወደሚባለው ዓይነት፣ ጠጉራምና እሾሁ ጠንካራ ቆልማማ ከሆነ ስፔክታቢሊስ ወደሚባለው ያደላል፤ ነገር ግን በየግቢው ያሉት ብዙዎቹ ዲቃላዎች ስለ ሆኑ ምልክቶቹ ቢቀላቀሉ አያስደንቅም።

የትውልድ አገሩ ብራዚል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1767 ዓ.ም.፣ ሉዊ አንቷን ደ ቡገንቪል የሚያዛቸው የፈረንሳይ መርከቦች ሪዮ ዴ ጃኔይሮ በደረሱ ጊዜ፣ የዕፀዋት ሊቁ ፊሊበር ኮሜርሶን ተክሉን ሰብስቦ በአዛዡ ስም ሰየመው። ከሊቁም ጋር ረዳቱ ጃን ባሬ ነበረች፤ ሴት በመርከብ እንዳትጓዝ በተከለከለበት በዚያ ዘመን የወንድ ልብስ ለብሳ የተሳፈረች፣ በኋላም ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን የበቃች ናት። ስሟ ለዚህ ተክል አለመሰጠቱን ባሰብሁ ቁጥር ያሳዝነኛል፤ ድካሙ የእርሷም ነበርና።

ወደ አጥራችን እንመለስ። 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ አፈሩም ቀይና ጥቂት አሲዳማ የሆነው የጅማ ምድር ለቡገንቪላ ይስማማዋል፤ ጠላቱ ግን ሥሩ ላይ የሚተኛ ውሃ ነው። አንዲት ጎረቤቴ፣ «ፍግ እያለበስሁት፣ ማታ ማታም ውሃ እያጠጣሁት፣ ስለ ምን ቅጠል ብቻ ይሆንብኛል?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ «እትዬ፣ ፍጉን ለቡናው ይተዉለት፤ ውሃውንም አፈሩ ሁለት ጣት ያህል እስኪደርቅ ያዘግዩት» አልኋቸው። ፍግ በናይትሮጂን የከበረ ስለ ሆነ ቅጠልን ያበዛል፣ አበባን ግን ያዘገያል። በሌላ አገር የቀን ማጠር ተክሉን ለማበብ ያነሣሣዋል፤ በእኛ ዘንድ፣ ለምድር ወገብ ቅርቦች በመሆናችን፣ የቀኑ ርዝመት እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ ይህን ሥራ በይበልጥ የሚፈጽመው በጋው ነው። ስለዚህ በዋንዛና በሳሳ ጥላ ሥር ቡናችንን እንደምናሳድግ ቡገንቪላን ብናስጠልለው እንበድለዋለን፤ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ይሻል።

ለመትከል የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ እንጨትነቱ የጠና ቅርንጫፍ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ፣ ሲሶውን አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ቀብሮ፣ ሥር እስኪያወጣ ብቻ በጥላ ማቆየት ነው። ሥሩ ቀጭንና ተሰባሪ ስለ ሆነ፣ ወደ አጥር በሚዛወርበት ጊዜ ያቀፈው አፈር ሊፈርስ አይገባም፤ የሚተከልበትም ቦታ ውሃ የማይቋጥር ከፍ ያለ መደብ ይሁን። አበባውን የሚያወጣው በአዲስ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ስለ ሆነም፣ አንዱ የአበባ ወራት ባለፈ ቁጥር አዕጹቁን መግረዝ ያስፈልጋል። እኔ የራሴን አጥር የምገርዘው በመጋቢት ነው፤ ለመትከል የሚሻ ጎረቤት በዚያን ጊዜ ጓንቱን ይዞ ቢመጣ፣ የፈለገውን ያህል ቅርንጫፍ መርጦ ይወስዳል።