ቆብና ድንጋይ

ባለፈው ጥቅምት፣ ቅጠሉ ቀልቶ በሚረግፍበት ጊዜ፣ አራት ሆነን ከቦስተን በባቡር ወደ ሴለም ከተማ ሄድን። የሃሎዊን ሰሞን ነበርና ሕዝቡ ጥቁር ሹል ቆብ ደፍቶ ከሙዚየም ወደ ሙዚየም ይጎርፋል። እኛም ቆብ ገዝተን ደፋን፤ እርስ በርሳችን እየተያየን ሳቅን። ሲደክመን ከአሮጌው መካነ መቃብር አጠገብ ካለ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ዐረፍ ብለን ስንቃችንን ፈታን። አንዳችን ጎንበስ ቢል ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ ተቀርጿል፦ ብሪጂት ቢሾፕ፣ ተሰቀለች፣ 1692።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በዚያ ዓመት 19 ሰዎች «ጠንቋዮች» ተብለው ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌም ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። መታሰቢያው የተሠራው በ1992 ነው። ከተፈረደባቸው ሁሉ የመጨረሻይቱ ሴት ስም በሕግ የጠራው ደግሞ በ2022 ነው።

ፈረንጆቹን ልንታዘብ ስንጀምር አንዱ ጓደኛችን ዝግ ብሎ፣ «እኛስ የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ቡዳ ናት ብለን አብረናት አንበላም አላልንምን?» አለ። መልስ የሰጠ አልነበረም። ቆባችንን አውልቀን ተነሣን።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ የእርሷን ስም እኛ ካላጠራነው ማን ያጠራዋል? እስከ መቼስ ትጠብቅ?