«ሬዲዮዋ አርጅታለች»

ለጋሼ ሳልነግራቸው ስለሞቱ፣ ለአንባቢ እናዘዛለሁ።

ጋሼ የአምባሰል ሰው ነበሩ፤ ሐይቅ ከተማ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ እንደወጡ ግላኮማ ዓይናቸውን ወሰደው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ ካዳመጠው ትውልድ ናቸውና «በጆሮ ማንበብ ለእኔ አዲስ አይደለም» ይሉ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. ለእረፍት ስመጣ ከምኖርበት አገር ቤተ መጻሕፍት አንድ የእንግሊዝኛ የድምፅ መጽሐፍ ተውሼ በላፕቶፔ ይዤ መጣሁ። ለእሳቸው ብዬ ነው። ሚሞሪ የምትቀበል ትንሽ የቻይና ሬዲዮ ነበረቻቸው። ፋይሉን ገልብጬ ሚሞሪውን ሰካሁ። ጋሼ ማጫወቻውን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው አገኙና ተጫኑ። ዝም። ደግመው ተጫኑ። በጠባቧ ስክሪን ላይ ፋይሉ እንደማይከፈት የሚናገር ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ምክንያቱንም ወዲያው አወቅሁት። ፋይሉ የተቆለፈ ነው። የመክፈቻ ፈቃዱ የተሰጠው ለላፕቶፔ ነው፤ የውሰቱ ቀን ሲያልቅ እዚያም ይዘጋል። ፋይሉ ወደ ሌላ ዕቃ ቢገለበጥም መክፈቻው አብሮት አይሄድም። ይህን ከመነሳቴ በፊት ማጣራት ነበረብኝ። አላጣራሁም፤ አላጣራሁም ማለት ደግሞ በመምህሬ ፊት አሳፈረኝ።

«ጋሼ፣ ሬዲዮዋ አርጅታለች» አልኳቸው።

«የማሪቱ ለገሠን አምባሰል እኮ ትናንት ማታ ጥርት አድርጋ አሰምታኛለች።»

«ሚሞሪ ማንበቢያዋ ነው የደከመው።»

«አብሽር ልጄ፣ ደሴ ወስጄ አሠራታለሁ» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት።

ከተመለስኩ በኋላ ልጃቸው በስልክ ነገረችኝ። ሁለት ጊዜ ደሴ ወስደዋታል። ሬዲዮ ጠጋኙ «ምንም አልሆነችም» ብሎ ሁለቴም መልሷቸዋል። እሳቸው ግን ከጠጋኙ ይልቅ እኔን አምነው በጡረታ አበላቸው ሌላ ገዙ። አዲሷም ያንን ፋይል አልከፈተችም። ያን ቀን እንኳ እውነቱን አልተናገርኩም።

ቁልፉን አልወቅስም፤ ደራሲውም ተራኪውም በሥራቸው ማደር አለባቸው። ዋሽ ያለኝ ቁልፉ አይደለም። መጽሐፉ እኮ በላፕቶፔ ይሰማ ነበር! አሥራ ሁለት ሌሊት ሐይቅ ሳድር አንዱን ማታ እንኳ ላፕቶፑን ከፍቼ አጠገባቸው አልተቀመጥኩም። ማንበብ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ ገዝቼ ራሴ ባነብላቸውስ ምን ነበረበት?

በ2005 ዓ.ም. ማራካሽ ላይ የጸደቀው ስምምነት ዓይነ ስውራን የሚሰሙት መጽሐፍ እንዲዘጋጅላቸውና ከአገር አገር እንዲተላለፍላቸው መንገድ ከፍቷል፤ እንዲህ ያለው ቁልፍ ይህን መብታቸውን እንዳይዘጋባቸውም አገሮችን ያስገድዳል። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. አባል ሆናለች። ጋሼ አልደረሱበትም።

ከውጭ ለወላጅ ወይም ለመምህር የድምፅ መጽሐፍ የምትወስዱ፣ ከመነሳታችሁ በፊት እነሱ በያዙት ዓይነት ዕቃ ሞክሩት። እምቢ ካለም ጥፋቱ የእነሱ ዕቃ እንዳልሆነ ንገሯቸው። የጋሼ ሬዲዮ ደኅና ነበረች።