ጉሽ ወይን

አክስቴ ባለፈው ዓመት ከጣሊያን ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለሉ ሦስት ጠርሙሶች ነበሩ። «እነዚህን ለራሴ ነው ያመጣኋቸው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ሐዋሳ እኛ ቤት ወይን ማለት ጉደር በኮካ ነው። ለበዓል ይከፈታል፣ ይቀላቀላል፣ ይጠጣል፤ አለቀ። እኔ ግን ወይን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ከእኛ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዝዋይ ላይ ካስቴል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ወይኑ ገበያ ላይ ስለዋለ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞን የሚሉትን ስሞች ለምጃለሁ። ሁሉም የፈረንሳይ ዘሮች ናቸው። የአክስቴ ጠርሙሶች ላይ የተጻፉት ግን የጣሊያን አገር በቀል የወይን ዘሮች ናቸው፤ ዶልቼቶ፣ ባርቤራ፣ ሳንጆቬዜ። ሦስቱም ገና ያልከረሙ።

«ወይን ሲቆይ አይደል እንዴ የሚጥመው?» አልኳት።

«ሁሉም አይደለም። አባትህ ጠላ በጉሹ አይደል የሚወደው?»

ለሐዋሳ ሙቀት ብላ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አቆየቻቸው። ጥብሱ ሲደርስ ቀዳችልን።

መጀመሪያ ዶልቼቶ። ስሙ «ትንሹ ጣፋጭ» እንደማለት ነው ስትል አባዬ ደስ አለው። ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ይሄ ምኑ ነው ጣፋጭ?» እውነቱን ነው፤ ስኳር የሚባል የለውም። ቀለሙ ዳር ዳሩን ወደ ሐምራዊ ይሄዳል፣ ሲዋጥ መጨረሻው ላይ መረር ይላል። «ጌሾ!» አለ አባዬ። አክስቴ ከት ብላ ሳቀች። እዚያ መራራ ለውዝ ነው የሚሉት አለችን።

ባርቤራ ሌላ ነው። ድድ የሚያደርቀው፣ ወፍራም ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚይዘው ነገር ታኒን ይባላል፤ ወይን ውስጥ የሚገባው ከፍሬው ልጣጭና ዘር ነው። ባርቤራ ታኒኑ ትንሽ፣ ኮምጣጣነቱ ብዙ ነው። አፍ በምራቅ ይሞላል፣ የጥብሱን ቅባት ጠርጎ ይወስዳል። አባዬ ሳይናገር ደገመ።

ሳንጆቬዜ ሁለቱንም አለው፤ ይኮመጥጣልም፣ ይይዛልም። ኪያንቲ የሚባለው ወይን ቢያንስ 70 በመቶው እሱ ነው። ስለ ወይን የሚጽፉ ሰዎች ቼሪ ቼሪ ይላል ይላሉ። እኔ ቼሪ የማውቀው ኬክ ላይ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ደግሜ ቀመስኩና «አጋም» አልኩ። ልጅ ሆነን እጃችንን እሾህ እየቧጨረን የምንለቅመው፣ ጥቁር እስኪሆን መጠበቅ አቅቶን በቀዩ የምንበላው አጋም።

«ይሄን ሁሉ የት ተማርሽው?» አላት አባዬ።

«ሥራ ላይ።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች። የትኛው ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚቀርብ፣ ብርጭቆው እስከ የት እንደሚሞላ ታውቃለች።

«አንቺስ? ትጠጪው ነበር?»

«ከብርጭቆ የተረፈውን። ሳጥብ፣ ቆሜ።»

እሱን ስትናገርም ቆማ ነበር። ጠርሙሱን በፎጣ ይዛ፣ ከአባዬ ወንበር በስተቀኝ። እኛ ስንቀምስ፣ ስንስቅ፣ ብርጭቆ ስንዘረጋላት አንዳችንም አላየንም። ለራሷ ያመጣችውን ወይን ሦስት ጊዜ ቀድታልን፣ የእሷ ብርጭቆ ደረቅ ነበር። ለዓመታት ከላከችልን ገንዘብ የትምህርት ቤት ክፍያዬ ሲከፈል ለእኔ «ጣሊያን ያለችው አክስቴ» ነበረች፤ ማታ ማታ የት እንደምትቆም አስቤ አላውቅም።

አባዬ ተነሳ። ጠርሙሱን ከእጇ ወስዶ የራሱን ወንበር ሳበላት። «ቁጭ በይ፣ እትዬ።»

ጠጅ በብርሌ እንደሚቀዳ አፉ ድረስ ሞላላት። ወይን እንዲህ እንደማይቀዳ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት፤ ምንም አላለችም። እንዳይፈስባት ጎንበስ ብላ አንዴ ፉት አለችና ዝም አለች።

«እሺ፣ ምን ምን ይላል?» አልኳት።

«አጋም» አለች።