የአንድ ጣሪያ ሁለት ክንፍ

በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፥ ዝናሙ በበረታበት ሰሞን፥ ቦሌ ሚካኤል የሚገኘው የእናቴ ቤት ማፍሰስ ጀመረ። ቤቱ ባለ 60 ቆርቆሮ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ፥ በ1998 ዓ.ም.፥ የሰፈራችን ሽማግሌ አናጢ ጣሪያውን ምሥራቅና ምዕራብ የሚያይ ሁለት ክንፍ አድርገው ከደኑለት። የሚያፈሰው በምዕራቡ ክንፍ ሥር፥ እናቴ በምትተኛበት ክፍል ላይ ብቻ ነበር። ከደጅ ሆነን ስናይ ምሥራቁ ክንፍ ገና ነጣ ያለ ሲሆን፥ ምዕራቡ ግን ከወገቡ ጀምሮ ቀልቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ምክር የሚሰጥ ጎረቤት አይታጣም። ሰፈራችን ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለ ሆነ፥ «ይህን ያመጣው የአውሮፕላን ጢስ ነው» ያሉ ነበሩ። ሌሎች ደግሞ፥ «አናጢው ወፍራሙን ቆርቆሮ በአንድ ወገን፥ ስሱን በሌላው ወገን አልብሰው ትርፉን ወስደዋል» አሉ። እኔም ይህን ሁለተኛውን ቃል ሳልመረምር ተቀበልሁ። በዚህም አልቀረሁም፤ በእድር ስብሰባ ላይ፥ ሰው ሁሉ እየሰማ፥ «አባቴን አታለውታል» ብዬ ሽማግሌውን ተናገርኋቸው። እርሳቸው አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፥ «ልጄ፥ ጣሪያው ላይ ወጥተህ አይተኸዋልን?» አሉኝ። አልወጣሁም ነበር፤ ስለዚህም መልስ አጣሁ።

እናቴ በዚያ ወር የእቁብ ዕጣ ደርሷት ነበር። ገንዘቡ የታሰበው ለታናሽ እኅቴ የመጨረሻ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ ነው። እርስዋ ግን፥ «ሰው ዝናም እየወረደበት አይማርም፤ ጣሪያው በሙሉ ይለወጥ» ብላ ቆረጠች። እኅቴም አንዲት ቃል ሳትናገር ዕቃ ልታጥብ ተነሣች። በዚያች ሌሊት የሽማግሌው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣኝ።

በመስከረም መጀመሪያ፥ በአንድ ቅዳሜ ጧት፥ መሰላል ተውሼ ወጣሁ። በመጀመሪያ ምስማሮቹን ተመለከትሁ። ሁሉም ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ ሳይሆን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ፥ ከነጎማቸው በሥርዓት ተመትተዋል። ቀጥዬ በኮርኒሱ መግቢያ ገብቼ የቆርቆሮዎቹን የሆድ ዕቃ በባትሪ አየሁ። አንባቢ እንደሚያውቀው ቆርቆሮ በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 28 ቁጥር ከ35 ቁጥር ይወፍራል። በሁለቱም ክንፍ የታተመው ቁጥር አንድ ነበር። እንግዲህ ሽማግሌው ከሐሜቱ ነጹ። የአውሮፕላን ጢስ ነው እንዳይባልም፥ ከሰማይ የወረደ ጢስ ምሥራቁን ትቶ ምዕራቡን፥ ከምዕራቡም አራት ቆርቆሮ ብቻ መርጦ እንዴት ይበላል?

ዝገቱ ከጣሪያው አናት አልጀመረም። ከወገቡ ላይ፥ ከአንዲት ስፍራ ተነሥቶ፥ ወደ ታች እየሰፋ እስከ አሸንዳው ይወርዳል። በዳርና ዳሩ ነጭ ዱቄት አለ፤ በመካከሉም ከጎረቤት ግቢ የመጣ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ረጠበ ተጣብቋል። ዝናም ከቆመ አምስት ቀን ሆኖት ነበርና ርጥበቱ አስገረመኝ። ቀና ብል ከራሴ በላይ የውሃ ማጠራቀሚያችንን ቧንቧ አፍ አየሁት።

ያን ማጠራቀሚያ በ2012 ዓ.ም. በብረት ማማ ላይ ያስቆምሁት እኔ ነኝ። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ፥ ያውም በሌሊት ስለሚመጣ፥ እናቴን ከባልዲ ያሳረፍሁ መስሎኝ ኮርቼበት ነበር። ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ከተሰበረ ግን ዘመን አልፎታል፤ «ነገ አሠራዋለሁ» እያልሁ ተውሁት። ስለዚህ ውሃ በመጣ ቁጥር፥ እኛ ተኝተን ሳለን፥ ትርፉ በእነዚያ አራት ቆርቆሮዎች ላይ ሲፈስ ያድር ነበር።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህራችን ያስተማሩን ነገር ትዝ ያለኝ እዚያው ላይ ተቀምጬ ነው። ብረትን በዚንክ መልበጥን ፈረንሳዊው ሶሬል ያስመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ነው። ዚንክ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ዝናም መትቶት በኋላ ሲደርቅ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋሕዶ ስስ ነገር ግን ጽኑ ሽፋን ያበጃል። ሳይደርቅ ከቆየ ግን ያ ሽፋን አይጸናም፤ ዚንኩ ልል ነጭ ዱቄት ሆኖ ይታጠባል፤ እርሱ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። ቅጠሉም ርጥበቱን አቅፎ ይይዛል። በዚህ ላይ ምዕራቡን ክንፍ የጧት ፀሐይ ዘግይታ ስለምታገኘው፥ የሌሊቱ ውሃ ቶሎ አይለቀውም።

በዚያው ቀን ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድሁ። «አባቴ፥ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ» አልኋቸው። ያየሁትን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፥ «ቆርቆሮ ውሃ አይጠላም፤ ሳይደርቅ ማደርን ነው የሚጠላው» አሉኝ። መምህራችን በሰሌዳ ያስረዱንን እርሳቸው በእጃቸው ያውቁት ኖሯል። ሰኞ መጥተው፥ ዕድሜያቸው ለመሰላል ስለማይፈቅድ ከታች ሆነው ደቀ መዝሙራቸውን አዘዙት። አራቱ ቆርቆሮዎች ተለወጡ፤ በዙሪያው ገና ያልተበሳው ዝገት በብረት ብሩሽ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ተቀባ፤ ኳሱ ታደሰ፤ የትርፉም ውሃ ቧንቧ ወደ መሬት በርሜል ዞረ። ሽማግሌው የቀን ዋጋቸውን ተቀብለው፥ የጨመርሁላቸውን ገንዘብ መለሱልኝ።

ከእቁቡ ገንዘብ የተነካው ጥቂት ነው፤ እኅቴም በጊዜዋ ተመዘገበች። እኔም በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ ተነሥቼ፥ ስድቤን በሰሙት ሰዎች ፊት ይቅርታዬን ተናገርሁ። አባቶቻችን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት የሰው ስም ነበርና ለቅሜ መጨረሴን እንጃ።

ከዚያ ወዲህ፥ በመሥሪያ ቤቴ አንድ ሥራ በአንድ ወገን ተበላሽቶ በሌላው ደኅና ሆኖ ሳገኘው፥ ሠራተኛውን ከመውቀሴ በፊት መሰላሉን እፈልጋለሁ። ክረምት ሲወጣም ቅጠሉን ለመጥረግ ጣሪያው ላይ እወጣለሁ፤ በመጀመሪያ የማየው ግን የቧንቧውን አፍ ነው።